ለወገብ የተባለችው ጥቅል

በሰፈሩ የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ባሏ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ሜትሬ» ናት። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ዳቦ ስትገዛም፣ የልጇን አስተማሪ ልታነጋግር ስትሄድም እንደ ሐብል አጥልቃው ነው። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «ሚስቴ ስታቅፈኝ እንኳ ወገቤን እየለካችኝ ይመስለኛል» ይላል። እሷም አትክድም። «ሁለት ሴንቲ ጨምረሃል» ትለዋለች።

ልብስ ስፌት ቤቷ በዳቦ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል የተወሸቀች ባለ ሁለት ክፍል ናት። ከፊት የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪናና ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አሉ። በአንደኛው መኪና ላይ የምትቀመጠው ዘምዛሚዋ ናት፤ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የምትዘመዝም፣ የሁለት ልጆች እናት፣ አፏ ከመኪናዋ የሚፈጥን ሴት። የኋላው ክፍል የጋሽ ካውያ ግዛት ነው። ጋሽ ካውያ ሰባን አልፈዋል፣ ጆሯቸውም ከበድ ብሏል። ሥራቸውን የጠየቃቸውን ሰው «ተኳሽ ነኝ» ብለው ዝም ይላሉ፤ ሰውየው ጦር ሜዳውን ሲያስብ ቆይቶ ነው የልብስ ተኳሽ መሆናቸው የሚገባው።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ያወጡት ጋሽ ካውያ ናቸው፣ ሜትሬን መቀስ አያያዝ ባስተማሩበት ዘመን። ትርፍ አይጣልም። ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈች ቁራጭ ጣት ብታህል እንኳ በወረቀት ትጠቀለላለች፤ ለምን እንደምትሆን ይጻፍባታል፤ ከልብሱ ጋር ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። «ለክርን»፣ «ለኪስ»፣ «ለኮሌታ»። ትርፍ አዝራርና መንጠቆም እንዲሁ። ባለቤት የሌለው ትርፍ ደግሞ ለሚሆነው ሰው ይሰጣል። ሜትሬ በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። የብስኩቱ ቆርቆሮ የአዝራር ማስቀመጫ ሆኗል፣ የማሩ ጠርሙስ የመንጠቆ። ባሏ አሮጌ ካልሲውን መጣል ሲፈልግ ከእሷ ተደብቆ ነው።

በዚያ ዓመት የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ቋጠረና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እንደነቃች መጀመሪያ ያደረገችው ፋሻውን ገለጥ አድርጋ ስፌቱን ማየት ነበር።

«ማነው የሰፋኝ?» አለች ነርሷን።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«አይ፣ እጁ ንጹሕ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ቸኩሏል።»

ዘምዛሚዋ ልትጠይቃት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች «እንግዲህ ሐሞትሽን አወጡልሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሐሞተ ቢስ ነሽ» አለቻት። ሜትሬ ልትስቅ ስትል ሆዷ ያዛትና «አንቺ ሴትዮ አታስቂኝ፣ እተረተራለሁ!» ብላ ጮኸች።

ሆስፒታሉ ሲያሰናብታት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሰጣት፤ በትንሽ ብልቃጥ ሃያ ክኒን። ስምንቱን ዋጠች። ከዚያ ሕመሙ ለቀቃት፣ እሷም መዋጡን ተወች። አሥራ ሁለት ተረፈ።

«ታዲያ ይሄን አትጥይውም?» አለ ባሏ፣ ብልቃጡን ከክር ማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ አግኝቶት።

«ደህና መድኃኒት ይጣላል እንዴ? ገና እኮ አልተነካም።»

«ለማን ልታለብሺው ነው?»

ለማን እንደምትሰጠው ግን ታውቅ ነበር። ሐኪም ቤት ተኝታ በቆየችባቸው ቀናት ቤቱን የጠበቁላት ጋሽ ካውያ ናቸው። ስትመለስ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነበር፤ እሳቸው ብቻ ጎብጠዋል። ኮት ተኩሰው ቀና ሲሉ አንድ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብትላቸው «ወረፋው ከሕመሙ ይብሳል» አሏት። አንጀቷን በሉት። ሙያውን የሰጧት ሰው ሲያቃስቱ እየሰማች፣ እሷ መሳቢያ ውስጥ አሥራ ሁለት ማስታገሻ ቆልፋ ትቀመጥ?

ስለዚህ ሁሌም በትርፍ የምታደርገውን አደረገች። ክኒኖቹን በወረቀት ላይ ገለበጠች፣ አጣጥፋ ጠቀለለች፣ በስፒል ያዘች፣ በእርሳስም ጻፈችባት፦ «ለወገብ»። ባዶው ብልቃጥ ደግሞ ደህና ክዳን ነበረው። የስፒል ማስቀመጫ አደረገችውና ከቦርሳዋ ከተተችው።

በማግሥቱ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። በጥድፊያ ወደ ኋላው ክፍል አንገቷን አስግጋ ጥቅሏን የመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቺ ለወገብ ናት! ሲብስ አንድ አንድ!» ካውያው እርጥቡ ጨርቅ ላይ ሽሽሽ እያለ ነበር። ጋሽ ካውያ በእንፋሎቱ ውስጥ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ሄደች።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ደስ አለው። «በጥሩ ሁኔታ ገጥሟል። የተረፈ ማስታገሻ ካለዎት ፋርማሲው ሁለት ቁጥር መስኮት ላይ ይመልሱ፤ ቤት አያስቀምጡት።»

ሜትሬ ሁለት ቁጥር መስኮት የሄደችው ለመመለስ ሳይሆን ቀድማ እንዳሰበችበት ለመናገር ነው። ከመስኮቱ ኋላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ፋርማሲስት ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ቁልፍ የተንጠለጠለበት፣ ላዩ ላይ ስንጥቅ አፍ ያለው ሰማያዊ ሣጥን አለ።

«የኔ ቤት የለም» አለች ሜትሬ ፈገግ ብላ። «ለሚያስፈልገው ሰው ሰጥቼዋለሁ።»

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «ለማን?»

«አብረውኝ ለሚሠሩ ሽማግሌ። ወገባቸው አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸው።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ደህና ናቸው። ማታ ማታ ለእንቅልፍ የምትሆን አንዲት ክኒን ብቻ ናት።»

ፋርማሲስቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ብልቃጡ አብሮዎት ነው?»

ሜትሬ ከቦርሳዋ አወጣችው። ስፒሎቹ ቸር ቸር አሉ። ፋርማሲስቷ ውስጡን አይታ አስተያየት ሳትሰጥ ብልቃጡን አዞረችና ጽሑፉን በጣቷ አሳየቻት። ፊደሉ ደቃቅ ነበር። ሚሊሜትር የማያመልጣት ሴት ያቺን ሁለት መስመር አንብባት አታውቅም፦ «ለታዘዘለት ሰው ብቻ። እንቅልፍ ከሚያመጣ መድኃኒት ጋር አይወሰድ።»

«ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ያዘገያሉ» አለች ፋርማሲስቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በእሳቸው ዕድሜ ሰው ተኝቶ ላይነቃ ይችላል። መቼ ነው የሰጧቸው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ይደውሉ። አሁኑኑ።»

የጋሽ ካውያ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ስልካቸውን ኮታቸው ኪስ ትተው ነው የሚሠሩት። ዘምዛሚዋ ጋ ደወለች።

«ጋሽ ካውያ የት ናቸው?»

«ጨርቁ ላይ ተኝተዋል።»

ሜትሬ ክው አለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሥራ ቦታ ሲያሸልቡ አይታቸው አታውቅም። «ቀስቅሺያቸው!»

«ኧረ እትዬ ሜትሬ፣ ገና አሁን ጋደም ማለታቸው እኮ…»

«ቀስቅሺያቸው አልኩሽ! ካልነቁ አምቡላንስ ጥሪ!»

የዘምዛሚዋ መኪና ድርግም ሲል በስልኩ ተሰማ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ። ከዚያ «ጋሼ! ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» ከዚያ ዝም። ሜትሬ የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች።

«ምንድን ነው፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው?» አለ የተቆጣ የሽማግሌ ድምፅ።

«ጋሼ! ስንት ዋጡ?»

«ምኑን?»

«ክኒኑን! ጠዋት የሰጠሁዎትን!»

«እኔ ክኒን አላየሁም። ሌሊቱን ወገቤ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ ነው አሁን ሸለብ ያደረገኝ፤ እሱንም ነፈግሽኝ።»

«በወረቀት የጠቀለልኳት! ጠረጴዛው ላይ!»

«ለወገብ ያልሽኝን ነው?»

«አዎ! አዎ!»

«እሷማ ከሱሪው ጋር ሄደች።»

«ከየትኛው ሱሪ?»

«ከመምህሩ ነዋ። ወገቡን ካሰፋሽለት። ስዳብሳት ድብልብል፣ ጠንካራ ነገር ነው፤ የወገብ አዝራር ትርፍ ነው ብዬ ኪሱ ከተትኩለት። አንድ አንድ አላልሽም? ሲያልቅበት አንድ አንድ ያስተክላል ብዬ።»

ሜትሬ ነፍሷ መለስ አለችና ወዲያው መልሳ በረረች። በዚያ ቤት «ወገብ» ማለት የሱሪ ወገብ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰው ወገብ ሆኖ አያውቅም። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባት ደግሞ እሷ ናት።

«መምህሩ መቼ ወሰደው?»

«አንድ ሰዓት ይሆነዋል» አለች ዘምዛሚዋ ስልኩን ነጥቃ። «ልደውልለት?» ደወለችለት፤ ዝግ ነው።

መምህሩ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው፤ ሚስት፣ አንዲት እንደልቧ የምትሮጥ የሦስት ዓመት ልጅና አማት አለው። ሜትሬ ሦስቱንም ለክታቸው ታውቃለች። ወደ ቤቱ በያዘችው ታክሲ ውስጥ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ጭና በዓይነ ኅሊናዋ የሕፃኗን ጣቶች እያየች ነበር። ሦስት ዓመት፤ የእጅጌዋ ርዝመት ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር። ያገኘችውን ሁሉ አፏ የምትከትት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። በሩን መምህሩ ራሱ ከፈተ፤ ወገቡ የሰፋለትን ሱሪ ለብሷል፣ ቀበቶ የለውም፤ ሆዱንም እንደ ልቡ ለቆታል።

«እትዬ ሜትሬ! እኔም ልመጣልሽ ነበር እኮ። ወገቡ ልክክ ብሏል። አዝራሮችሽ ግን ቀዳዳ የላቸውም።»

«የታሉ?»

«አማቴ ከረሜላ ናቸው ብለው…»

«በሏቸው?!»

«ኧረ እኔ እቴ!» አሉ አማትየው ከሶፋው ላይ። «የማላውቀውን ነገር አልበላም። ለዚች ለልጅቱ ልሰጣት ስል ነው እሱ የነጠቀኝ።»

«ከረሜላ ሲሆኑ ለምን በሱሪ ኪስ ይላካሉ ብዬ ነዋ» አለ መምህሩ። ወረቀቷን ከመጻሕፍት መደርደሪያው አናት አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት።

ሜትሬ በጣቷ ጫፍ እየገፋች ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አሥራ አንድ።

አንዲት ጎድላለች።

እዚህ ላይ ውሸቱ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «ልዩ ዓይነት አዝራር ናቸው፣ ተሳስቶ ነው» ብላ ሰብስባ መሄድ ትችላለች። የቤቷ ስምም አይጎድፍም። ግን ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን ትልሳለች፤ የጎደለችው አንዲት ክኒን ደግሞ የሆነ ቦታ አለች። ሜትሬ ሜትሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አዝራር አይደሉም። ከቀዶ ሕክምናዬ የተረፈ ብርቱ መድኃኒት ነው። ለሌላ ሰው ልሰጥ ብዬ በስህተት እናንተ ዘንድ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። አሥራ ሁለት ነበር፣ አንድ ጎድሏል። ልጅቱን እዩልኝ።»

ቀድመው የተነሡት አማትየው ናቸው፤ የልጅቱን አፍ ከፍተው በጣታቸው አሰሱ። የሱሪው ኪስ ተገለበጠ። መምህሩ ሶፋውን ጎተተ፣ ከሥሩ የጠፋ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ወጣ። ከዚያ ግን መምህሩ ድንገት ቀና አለ።

«ቆይ። ወረቀቷን የከፈትኳት እኔ ነኝ። ስፒሏ እንዳለች ነበረች። ያን ጊዜም ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለት አዝራር ለሚበቃው ሱሪ አሥራ አንድ ምን ይሠራል ብዬ ነው የገረመኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እትዬ፣ ሒሳብ እኮ ነው የማስተምረው።»

ሜትሬ ተነፈሰች። እዚህ ቤት ማንም አልዋጠም። መምህሩ ተቆጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው። እሱም «እውነቱን ባትነግሪን ኖሮ ነው የምቀየምሽ» አለና እስከ ታክሲው ሸኛት። በመንገድ ላይ ጋሽ ካውያ ጋ ደወለች። ጥቅሏን ከፍተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ተቀየሟት። «የሰው ትርፍ እከፍታለሁ እኔ? ምን አስተማርኩሽ?»

«እሺ፣ ይቅርታ። ከዘምዛሚዋ ጋር ወደ ሆስፒታሉ ይምጡ። አሁኑኑ።»

«እኔ ምንም አልዋጥኩም አልኩሽ!»

«ለመዋጡ አይደለም። ለወገብዎ ነው። ለሰውነትዎ ወገብ።»

ሁለት ቁጥር መስኮት ሊዘጋ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰች። ፋርማሲስቷ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እስካሁን ጉዳዩን ከልቧ አላወጣችውም ነበር።

«አሥራ አንድ» አለች ሜትሬ፣ ወረቀቷን በመስኮቱ እያሳለፈች። «አንዷ የት እንደገባች አላውቅም። ማንም ግን አልዋጠም።»

ፋርማሲስቷ በሳህን ላይ ቆጥራ ጨረሰች። ከዚያ ዓይኗ ጠዋት መስኮቱ ላይ በቀረው ብልቃጥ ላይ አረፈ። «ስፒሎቹን ልገልብጣቸው?»

ገለበጠቻቸው። ስፒሎቹ ወረቀት ላይ ፈሰሱ። ከሁሉም በኋላ፣ ብልቃጡ ሲንኳኳ፣ ከታች ተጣብቃ የነበረች አንዲት ነጭ ክኒን ጠብ አለች። አንድ ስፒል ጠርዟን ጫር አድርጎታል።

«ይኸው አሥራ ሁለተኛዋ» አለች ፋርማሲስቷ፤ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሳቀችው። «ለራሷ መርፌ ወግታ ተኝታ።»

«አሁን እነዚህን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«ሣጥኑ ቁልፍ አለው። ሲሞላ ይወሰድና ይቃጠላል። ሰው እጅ ተመልሶ አይገባም። በሚቀጥለው ግን አይጠቅልሉ፤ ከነብልቃጡ ያምጡት።»

ሜትሬ ክኒኖቹን ራሷ በስንጥቁ አፍ አሳለፈች፤ አንድ በአንድ፣ ጠብ ጠብ እያሉ። ነገሩ ድንገት ተገለጠላት። ሲጀመር ሕጉን አላፈረሰችውም፤ የተሳሳተችው ባለቤቱን ነው። ይህ ጨርቅ የተቆረጠው ከዚህ ቤት ነው፣ ትርፉም የሚመለሰው እዚሁ ነው። ብልቃጡን ግን ልትተወው አልቻለችም። ፋርማሲስቷ ስሟንና የመድኃኒቱን ስም ፍቃ ካጠፋች ልትወስደው እንደምትችል ነገረቻት፤ ሜትሬም ከቦርሳዋ መተርተሪያዋን አውጥታ የተለጠፈውን ወረቀት እንደ መጥፎ ስፌት ልቅም አድርጋ አነሣችው።

ዘምዛሚዋ ጋሽ ካውያን ደግፋ ስትደርስ ሜትሬ በኮቷ ኮሌታ ላይ ስፒሎችን እየሰካች ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የመምህሩን ቤት ሳይቀር፣ ነገረቻቸው።

«ለመምህሩ አፍ አውጥተሽ ጥፋቱ የኔ ነው አልሽ?» አለች ዘምዛሚዋ።

«አልኩ።»

«እንግዲህ ሐኪሙ ተሳስቶ ሌላ ነገር ነው ያወጣልሽ። ሐሞትሽ እዚያው አለ።»

ጋሽ ካውያ ግን አልሳቁም። «የሌላ ሰው ልክ ልታለብሺኝ ነበር ማለት ነው?»

ሜትሬ አንገቷን ደፋች። «አዎ ጋሼ።»

«በዚህ ዕድሜዬ። እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ» አሉ፤ ከዚያ ክንዷን ይዘው ወደ ካርድ ክፍሉ ወረፋ አብረው ሄዱ። ወረፋው እንደፈሩት አልከፋም።

ሐኪሙ መረመራቸው፣ አጎነበሳቸው፣ ቀና አደረጋቸው። የሚወስዱትን የእንቅልፍ መድኃኒት ጠይቆ ከእሱ ጋር የሚስማማ ቀላል ነገር አዘዘላቸው፤ በየቀኑ የሚሠሩትም የአካል እንቅስቃሴ ሰጣቸው። በመጨረሻ የሥራቸውን ሁኔታ ጠየቀ። የመተኮሻው ጠረጴዛ ከፍታ ስንት ነው? አላወቁም። ወደ ሜትሬ ዞሩ። እሷም አላወቀችም።

ያ ነው እንቅልፍ የነሳት። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስትለካ ኖራለች፤ ጋሽ ካውያ በቀን ስምንት ሰዓት የሚጎነበሱበትን ጠረጴዛ ግን አንድም ቀን ለክታው አታውቅም። ከእሳቸው በፊት ለነበረ አጭር ተኳሽ የተሠራ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ካውያው ከመሞቁ በፊት ወደ ኋላው ክፍል ገባች፤ ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች፣ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ቀጥ ብለው ይቁሙ ጋሼ። ክንድዎን አጠፍ ያድርጉ። እስትንፋስዎን አይያዙ።»

«ሱሪ አላዘዝኩሽም።»

«ዝም ብለው ይቁሙ።» ከመሬት እስከ ክርናቸው ለካች፤ ጠረጴዛውንም ለካች። ከዚያ የጠረጴዛውን እግር በጠመኔ ምልክት አድርጋ ለዘምዛሚዋ ጮኸች፦ «አናጺውን ጥሪልኝ! አሥራ አንድ ሴንቲ የሚጨምር እንጨት ይዞ ይምጣ። ትርፍ ካለው ደግሞ፣ ወደ ቤቱ ይዞት ይመለስ!»